የሁለት ሰይዶች ልብ

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ከተማ ዳር በነበረ አንድ የጦር ንብረት ግምጃ ቤት ውስጥ በሲቪልነት ተቀጥሬ ብርድ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ቀበቶና ኮዳ ስረከብና ሳስረክብ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሰንበትበት ብሏል፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ግን ገና አልመጣም። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ሆዴ ጠረጴዛውን ይነካል። ሚስቴ ዘሐራ "አንተን ያየ ሰው ብርድ ልብሱን የምትበላው ነው የሚመስለው" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስሜ ሰይድ ይማም ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስም ስለሆነ ነው። ወሎ ውስጥ ገበያ መሃል ቆማችሁ "ሰይድ ይማም!" ብላችሁ ብትጣሩ አራት አምስት ሰው "አቤት" ይላችኋል። በግምጃ ቤታችንም ሁለት ነበርን። ሌላው ሰይድ ይማም አናጢ ነው። አምባሰል ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዳገት ሲወጣ ሜዳ ላይ የሚሄድ የሚመስል ሰው። ሰዎች ለመለየት ያህል እሱን "ሰይድ አምባሰል"፣ እኔን "ሰይድ ግምጃ" ይሉን ነበር። በአፍ ሲጠሩን እንዲህ እንለያለን፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለታችንም ሰይድ ይማም ብቻ ነን።

ከሰይድ አምባሰል ጋር አንነጋገርም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ደብዳቤ እጄ ገባ። ስሜን አይቼ ከፈትኩት። "አባትህ በጠና ታሟል፤ ቶሎ ድረስ" ይላል። የእኔ አባት ከሞተ ቆይቷል፤ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልወስድለት ብድግ ስል ጫማ የጫነ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። "ቆይ፣ ይችን ላራግፍና" ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ረሳሁት። ሦስት ቀን እዚያው ተኛ። ሰይድ አምባሰል አገሩ ሲደርስ አባቱ ተቀብሮ ለቀስተኛው ተበትኗል።

ሲመለስ አልጮኸብኝም፣ አልሰደበኝም። በር ላይ አግኝቼው "አሰላሙ ዐለይኩም" ስለው ቀና ሳይል አለፈኝ። ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲያልፈኝ ኖረ።

በዚህ መሃል አንድ የሒሳብ ሠራተኛችን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ሳተና በዚያው አረፈ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበረው ሻምበል ግንባር ቆስሎ የመጣ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ከቀብር በተመለስን ማግስት ሁላችንን ሰብስቦ እንዲህ አለን፦

"ወታደሩ በየማለዳው ይሮጣል። ሲቪሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞታል። ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ተቀምጦ አይሞትም!"

የሲቪል ሠራተኞች የጤናና የአካል ብቃት ፕሮግራም የተባለው ነገር እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ፈራን። "ይሄ ስፖርት አይደለም፤ አለማምደው ሊያዘምቱን ነው" ተባለ። ዘሐራም ሰምታ ስታለቅስ አደረች። በኋላ ግን የወጥ ቤቷ እትዬ ይመኙሻልም፣ ዓይኑ የደከመው በር ጠባቂም አብረው ሲሰለፉ አይተን "እነዚህን የትም አያዘምቱም" ብለን ተረጋጋን።

በሳምንት ሦስት ቀን ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ እንሰለፋለን። አንድ ሃምሳ አለቃ "አንድ! ሁለት!" እያለ ያጎነብሰናል፣ ያዘልለናል፣ በግቢው ዙሪያ ያስሮጠናል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ጥሩወርቅ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጨው፣ ስለ እንቅልፍ ታስተምረናለች። ሲስተር ገና ወጣት ናት፤ ከትምህርት ቤት ከወጣች ሁለት ዓመት አይሞላትም። የሰው ሚዛን ስላልነበረን የምትመዝነን በእህል ሚዛን ነው። እኔ ስወጣበት የአናጢዎቹ ክፍል ሰዎች "ከነጆንያው ነው?" ብለው ይጮሁ ነበር።

ሰይድ አምባሰል ግን ሲሮጥ ማየት ነበረባችሁ። እኛ አንዱን ዙር ሳንጨርስ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው። ሻምበሉ በእሱ ልቡ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ የሩጫ ውድድር ይደረግ ተባለ፤ ከግምጃ ቤቱ በር ተነሥቶ እስከ እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ ደርሶ መመለስ። አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ለውድድር ይላካል። ደግሞም ሻምበሉ በሠራተኛው ሁሉ ፊት "አሸናፊው ጊዜያዊ ሠራተኛ ከሆነ ቋሚ እንዲሆን እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ" አለ። ሰይድ አምባሰል ጊዜያዊ ነበር። አራት ልጆች አሉት፤ በየስድስት ወሩ "ይቀጥላል ወይስ ያበቃል?" እያለ የሚጨነቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን ከሩጫ በኋላ ከአናጢዎቹ ክፍል ጓሮ ሳልፍ አየሁት። ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ደረቅ ሳል ያስለዋል። ሲያየኝ ተነሥቶ ገባ። እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። የማይነጋገሩትን ሰው ምን ሆንክ ይሉታል?

ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ዕለት ከደሴ አንድ ሐኪም መጣ። በግማሽ ቀን ውስጥ ስልሳ ያህል ሰው መርምሮ ሄደ። እሱ በማዳመጫው ደረታችንን እያዳመጠ ይናገራል፤ ሲስተር ጥሩወርቅ በየሰዉ ካርድ ላይ ትጽፋለች። እኔ ገብቼ ወጣሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ ሰይድ አምባሰል ገባ።

ሐሙስ ጧት ሲስተር አስጠራችኝ። ስገባ ወንበር ሳበችልኝ። ደግነቷ አስፈራኝ።

"አቶ ሰይድ፣ ይቀመጡ።"

"ምነው ሲስተር? ደኅና አይደለም እንዴ?"

"ልብዎ ላይ ችግር አለ። ሐኪሙ አንደኛው የልብ በር በጣም ጠቧል ነው ያለው። እንዳይሮጡ፣ ከባድ ዕቃም እንዳያነሡ፣ ቶሎ ደሴ ሄደው እንዲታዩ አዝዟል።"

ካርዱን አየሁት። ስሜ አለ፤ ሰይድ ይማም። ከሥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ።

"ሲስተር፣ እሞታለሁ ማለት ነው?"

"እንደሱ አይበሉ እንጂ!" አለች፤ ግን ዓይኔን አላየችኝም። "ዋናው እንዳይሮጡ ነው። ቢሮጡ እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ።"

አልተጠራጠርኩም። እሷም አልተጠራጠረችም። ማን ይጠራጠራል? ደረጃ ስወጣ የማለከልከው እኔ ነኝ። በእህል ሚዛን የሚሳቅብኝ እኔ ነኝ። በዚያ ግቢ አንድ ሰው ልቡ ታሟል ቢባል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ እኔ ነው።

ቤት ገብቼ ለዘሐራ ነገርኳት። "አብሽር" አለችኝ፤ "አላህ ያለው ይሆናል። አንተ ብቻ ቅዳሜ ደሴ ሂድ።" ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ድምፅ አላሰማችም፤ ግን እስክትወጣ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ሁለቱ ሴት ልጆቼ ወለሉ ላይ በጠጠር ይጫወታሉ። ታናሽቱ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትዳሯን አላይም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ማታ ያህል ምግብ ያስጠላኝ ጊዜ በሕይወቴ የለም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የማውቃቸውን ሰዎች እየዞርኩ "አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ። ሁሉም "አፉ ብለናል፣ ምነው አገር ለቀህ ልትሄድ ነው?" እያሉ ይስቃሉ። የቀረኝ አንድ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ አናጢዎቹ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ሰይድ አምባሰል ሳንቃ እየላገ ነው፤ ፍቅፋቂው እግሩ ሥር ተከምሯል።

"ሰይድ" አልኩት፣ "አፉ በለኝ።"

መላጊያውን አላቆመም። "ሥራ ላይ ነኝ" አለኝ።

"ዕድሜዬ አጭር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው።"

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ተመልሶ አቀረቀረ። እኔም ወጣሁ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሴ ገባሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። ሐኪሙ ረቡዕ የመጣው ሳይሆን ሌላ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ ሰው ነው። ካርዱን አነበበ። ደረቴን አዳመጠ። አስቁሞ አዳመጠ፤ በግራ ጎኔ አስተኝቶ አዳመጠ። ተነሥተህ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ በል አለኝና እንደገና አዳመጠ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

"ይህን ካርድ ማን ሰጠህ?"

"የክሊኒካችን ነርስ።"

"ልብህ የበሬ ልብ ነው። ሆድህን ቀንስ እንጂ ምንም የለብህም።"

"ዶክተር፣ እንደገና ያዳምጡልኝ።"

"ሦስት ጊዜ አዳመጥኩህ እኮ! እዚህ ላይ የተጻፈው ዓይነት በሽታ ረቡዕ ኖሮ ቅዳሜ የሚጠፋ አይደለም። ይህ ካርድ የሌላ ሰው መሆን አለበት" አለና ካርዱን መለሰልኝ። "ቀጣይ!"

ካርዱ የሌላ ሰው ነው ያለው ጆሮዬ ገብቷል። አልሰማሁም አልልም። ግን የያዘኝ ደስታ ሌላ ነገር የሚያሳስብ አልነበረም። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያልኩ ወጣሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገብቼ ሻይና ፓስቲ አዘዝኩ። ያን ፓስቲ የበላሁት እንደ ሰርግ ምግብ ነው። መንገደኛው ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ። ዘሐራ ስትሰማ እንዴት እንደምትሆን፣ ልጆቼን እንዴት እንደማቅፋቸው ሳስብ እንባዬ ሻዩ ውስጥ ሊገባ ደረሰ።

በዚያ መሃል ከጀርባዬ አንድ ሰው "ሰይድ!" ብሎ ተጣራ። እኔም ዞርኩ፤ ሻይ ቀጂውም እኩል ዞረ። የተጠራው ሻይ ቀጂው ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። በጓሮ ቁጢጥ ያለው ሰው፣ ደረቱ ላይ ያለው እጅ፣ ያ ደረቅ ሳል ታየኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሮጣል። "ቢሮጡ እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ" የተባለው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው።

እናንተ አንባቢዎች አሁን "ብድግ ብሎ ሮጠ" ትሉ ይሆናል። አልሮጥኩም። እዚያው ተቀመጥኩ። ሌላ ሻይም አዘዝኩ። ለራሴ ሰበብ ስፈልግ ነበር። "እርግጠኛ አይደለሁም" አልኩ። "ሲስተር ጥሩወርቅ ስህተቱ ከታወቀባት አሻጥር ሠራሽ ተብላ ትታሰራለች፤ ያቺ ልጅ ምን አጠፋች?" አልኩ። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል የሰው ደብዛው ይጠፋ ነበር፤ ፍርሃቴ ውሸት አልነበረም። "እሱስ መች ያናግረኛል?" አልኩ። ከሁሉ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ሞቱ ከእኔ ላይ ተነሥቷል፤ ተመልሼ ልነካው አልፈለግሁም።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጥኩ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስሜ አለበት፤ የእኔ ግን አይደለም። ድንገት መሳቢያዬ ታየኝ። የእሱ መልእክት ለሁለተኛ ጊዜ እጄ ገብቷል። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን አቆይቼበት አባቱን ሳይቀብር ቀርቷል። ይህኛውንስ?

ከመቀመጫዬ ስነሣ ወንበሩ ወደቀ።

አውቶቡሱ ካልሞላ አይነቃነቅም። ወደ ወልድያ ጨው ጭኖ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁና ሾፌሩን ለመንኩት። "ሰው ሊሞትብኝ ነው" ስለው ጋቢና አስገባኝ። ቦሩ ሜዳን አልፈን ኬላው ጋ ስንደርስ ግን ወታደሮቹ አስቆሙን። ጨው የጫነውን ሸራ ፍታ ተባለ። ከፊታችን ሦስት መኪና አለ። አንዱ ወታደር የይለፍ ወረቀቴንና አብሮት የነበረውን የሕክምና ካርድ ገልብጦ ገልብጦ አየ።

"ሐይቅ ነው የምትሠራው?"

"አዎ ጓድ፤ የጦር ግምጃ ቤት። እባክህ ቶሎ በለኝ፤ የታመመ ሰው አለብኝ።"

"ታማሚው አንተ አይደለህም እንዴ? ካርዱ ላይ የታመምከው አንተ ነህ እኮ የሚለው።"

ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። ፊቴ በላብ ርሶ ስላየ አመነኝ። "ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ! እለፉ!" ብሎ ገመዱን አወረደልን። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል በልቶብናል።

ሐይቅ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ከአውራጃው የመጡ እንግዶች ተቀምጠው፣ ሻምበሉ መሃላቸው ቆሞ አየሁ። ሲስተር ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ውኃና ሎሚ የተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ናት።

"ሲስተር፣ ሄዱ?"

"አሁን ሃያ ደቂቃ ሆናቸው። አቶ ሰይድ፣ ምን ሆነዋል? ሐኪሙ ምን አለዎት?"

ካርዱን ሰጠኋት። "ልብህ ደኅና ነው፣ ካርዱ የሌላ ሰው ነው አለኝ። ሲስተር፣ ረቡዕ ዕለት ሐኪሙ ይህን ሲናገር ፊቱ የቆመው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ ወይስ አናጢው?"

ካርዱን አየችው። ከንፈሯ ሲነጣ አየሁ።

"ሁለት ካርድ በአንድ ጊዜ ነው ያወጣሁት" አለች ቀስ ብላ። "ሁለቱም ሰይድ ይማም... ወይኔ። ወይኔ አምላኬ!"

"እኔ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። አንቺ ዝም በይ፤ ካርዱን ቅደጂው። ማንም አያውቅም።"

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ግን የመለሰችልኝን እስከዛሬ አልረሳውም።

"መኪና ያለው ሻምበሉ ጋ ነው። ሳልነግረው መኪና አይሰጠኝም። ይሂዱ፣ እርስዎ ይሂዱ! እኔ እነግረዋለሁ።"

"ያስሩሻል እኮ!"

"ይሰሩኝ!" አለችና ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እንግዶቹ ሄደች።

ሮጥኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሃምሳ አለቃው ሲጮህብኝ እግሬን ስጎትት የኖርኩት ሰውዬ ሮጥኩ። ጫማዬ የቆዳ ጫማ ነው። የከተማው ሰው "አያ ሰይድ፣ ውድድሩ አለፈህ!" እያለ ይስቃል። ኮቴን ጣልኩት። ጎኔን እንደ ጩቤ ይወጋኛል፤ ግን "የበሬ ልብ ነው ያለህ፣ የበሬ ልብ" እያልኩ ራሴን እነዳለሁ። ባሕር ዛፉን አልፌ ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት ቁልቁለት ስደርስ ከታች አንድ ሰው ብቻውን ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ሰይድ አምባሰል ነው። ገዳሙ በር ደርሶ ተመልሷል። ከኋላው ማንም አይታይም።

ሲቀርብ ከንፈሩ ጠይም ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው።

እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሃል ቆምኩ። "ሰይድ፣ ቁም!"

"ዞር በል!"

"ታመሃል! ልብህ ታሟል! አትሩጥ!"

"ደግሞ ምን ልታስቀርብኝ መጣህ?" አለኝ፤ ቃሉ በትንፋሹ መሃል እየተቆረጠ ነው የሚወጣው። "አባቴን አስቀረህብኝ። አሁን ደግሞ እንጀራዬን?"

ገፍቶኝ አለፈ። ዞሬ ተከተልኩት፤ ዳገት ነው፤ እሱን ማን ይደርስበታል? አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ ራቀኝ። ያን ጊዜ የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ ጮህኩ።

"ሰይድ! ደብዳቤ ነው! የአንተ ደብዳቤ ነው፣ እንደገና እጄ ላይ ገባ! ወላሂ በልጆቼ ይሁንብኝ! የመጀመሪያውን አቆየሁብህ፤ ይህን ግን አላቆይም። እኔን አትስማኝ፣ ደብዳቤህን ስማ!"

ቆመ።

ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አለ፤ ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። እሱም ያውቀው ነበር። ያ ጓሮ፣ ያ ሳል... ለማንም ሳይናገር ደብቆት ነው የቆየው።

"ቋሚ... ሊያደርጉኝ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሳሉ ያዘው። ጎንበስ ብሎ ተፋ፤ የተፋው አረፋ ቀላ ያለ ነው። መንገዱ ላይ ተንበረከከ።

ደርሼ ያዝኩት። ሊተኛ ሲል እንዳይታፈን ፈራሁና ከኋላው ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። ልቡ በጀርባው በኩል በእኔ ደረት ላይ ይሰማኛል፤ የተያዘ ወፍ ክንፉን እንደሚያራግብ ዓይነት ነው። ሌሎቹ ሯጮች ደረሱ። ሃምሳ አለቃው "ውኃ! ውኃ!" ይላል፤ ውኃ ግን የለም። አንዱ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ያራግብለታል።

"ሰይድ" አለኝ በሹክሹክታ፤ በዓመት ውስጥ ስሜን የጠራኝ ያን ጊዜ ነው። "ልጆቼን..."

"ዝም በል። ራስህ ታሳድጋቸዋለህ። ተንፍስ ብቻ። አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር።"

የጂፕ ድምፅ እስክንሰማ ድረስ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። የሚነዳው ሻምበሉ ራሱ ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ መኪናው ሳይቆም ዘላ ወረደች። መርፌውን ከቦርሳዋ አወጣች። ወጋችው፤ "አያስተኙት፣ እንደያዙት ይያዙት" አለችኝ። እንደዚያው ደረቴ ላይ እንዳለ አንሥተው መኪናው ላይ ጫኑን። ሻምበሉ እንግዶቹን ዳስ ውስጥ ትቶ ደሴ ድረስ ነዳ። ያ ኬላ ጋ ስንደርስ ቅድም ያሳለፈኝ ወታደር እኔን ሲያይ "አሁን ደግሞ የታመመው ማነው?" አለ። ሻምበሉ ሲጮህበት ገመዱን ጣለው።

እኔን የመረመረኝ ያው ሸበቶ ሐኪም ሊወጣ ሲል አገኘነው። ማዳመጫውን ሰይድ ደረት ላይ አሳርፎ ራሱን ነቀነቀ። "የካርዱ ባለቤት ይኸው" አለ። ለሁለት ሰዓት ያህል ከውጭ ስንጠብቅ ሻምበሉና ሲስተር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ብቅ አለ።

"ደርሳችኋል" አለ። "ዳገቱን ሮጦ ቢጨርስ ኖሮ እዚህ አታመጡትም ነበር። አሁን ትንፋሹ ተመልሷል።"

እኔ ግድግዳው ሥር ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እግሬ ቆስሎ ጫማዬ ደም መሙላቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ሻምበሉ ፊት ቆመች።

"ጓድ ሻምበል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሚመጣብኝ ዝግጁ ነኝ።"

ሻምበሉ ከአግዳሚው ተነሣ።

"ይህን ፕሮግራም ያቋቋምኩት ሰው ወንበሩ ላይ እንዳይሞት ነው" አለ። "አንቺ በእንግዳ ሁሉ ፊት መጥተሽ 'ተሳስቻለሁ፣ መኪና ስጠኝ' ባትይ ኖሮ ዛሬ አንድ ሰው እኔ ባዘዝኩት ሩጫ ይሞትብኝ ነበር። ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ትወስጃለሽ። ከዚያ ካርዶቹን ሁሉ እስከ አያት ስም ድረስ እንደገና ትጽፊያለሽ። አለቀ።"

አለቀ። ሌላ ነገር አልመጣም። ሲስተር ያን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደ ዲፕሎማ ይዛው ትዞር ነበር።

ሰይድ አምባሰል ደሴ ሦስት ሳምንት ተኛ፤ ከዚያም ሻምበሉ ባጻፈው ደብዳቤ አዲስ አበባ ሄዶ ታከመ። "የጠበበውን የልቤን በር አስፍተውልኛል" ይላል፤ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም። ሲመለስ ከባድ ሥራ ስለተከለከለ ከእኔ ጋር ግምጃ ቤት ተመደበ፤ በቋሚነት። ከዚያ በኋላ በስማችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በሁለታችን እጅ እየተነበበ የባለቤቱ እጅ የሚገባ ሆነ። ማለዳ ማለዳ ሌሎቹ ሲሮጡ እኛ ሁለታችን በግቢው ዙሪያ በእግራችን እንሄድ ነበር። የእኔም ሆድ ከጠረጴዛው ተለየ። ዛሬም ሁለታችንም በሕይወት አለን። አራቱም ልጆቹ ተድረዋል።

ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚገርመኝ ሩጫው አይደለም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም ብዬ ነበር የምኖረው። ያን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ስከትም ክፋት አልነበረብኝም፤ ሻይ ቤት ውስጥ ስቀመጥም አልነበረብኝም። እፎይ ማለት ብቻ ነው የፈለግሁት። እናንተም አንድ ቀን "ያንተ አይደለም" ተብላችሁ ከከባድ ነገር ነጻ ትወጡ ይሆናል። ደስ ይበላችሁ፤ ደስታው ይገባችኋል። ሻያችሁንም ጠጡ። ግን ከመነሣታችሁ በፊት "ታዲያ የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጥያቄ ከጠየቅሁ ወዲህ ነው ሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ የጀመርኩት።

ያችን ግማሽ ሰዓት ግን ለሰይድ ሳልነግረው ዓመታት አለፉ። ባለፈው ረመዳን፣ ካፈጠርን በኋላ፣ ከበራፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ አውጥቼ ነገርኩት። ሁለተኛውን ሻይም ሳልደብቅ። ቴምር በአፉ እንደያዘ አየኝ።

"ግማሽ ሰዓት ብቻ?" አለኝ። "ያን ጊዜ በነበረብኝ ቂም እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ምሳዬን በልቼ፣ ዙህርን ሰግጄ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ ነበር የምመጣው።"

ከዚያም እስኪያስለን ድረስ ሳቅን። ያኛው ሳል አልነበረም፤ የሳቅ ሳል ነው።